እንዲህ ነው ዘፈኑ

በ1974 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለሆነ አጠገቤ ያለ ሰው የሚናገረው እንኳ በቅጡ አይሰማኝም ነበር። ወንድሜ አምሐ የመጨረሻውን ዘፈን የሚቀዳው ያን ዕለት ነበር። ጊታሩ የቀበሌው የኪነት ቡድን ነው፤ የሚያውሱት ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም ሳይመሽ እንዲመልስ።

«ለሚመጣው ሳምንት ይሁንልህ» አልኩት።

«ተይው እታለም፣ በረዶውም ይግባበት» አለና ጭንቅላቱን የውኃ በርሜላችን ውስጥ ከትቶ መዝፈኑን ቀጠለ።

ድምፁ እንዲያስተጋባለት በርሜሉን ባዶ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ሹራብ እየሠራሁ አሳደግሁት። ስለ ሙዚቃ ብዙም አላውቅም። እሱ የሚሠራበትን መንገድ ግን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሁለት ቴፕ ነበረን፤ አንዱ የኛ፣ ሌላው ከጎረቤታችን ከሰዓዳ የተዋስነው። በአንዱ ጊታሩን ይቀዳል፤ ከዚያ እሱን እያጫወተ ከላዩ ይዘፍንና ሁለቱንም በሌላው ይቀዳል። ካሴቱ ሲዞር ደግሞ በጣቱ ቀስ አድርጎ ይይዘዋል። ያኔ ድምፁ ይዝላል፣ ይንገዳገዳል፣ መልሶ ይነሣል። መጀመሪያ ያሰማኝ ቀን ተነሥቼ ቴፑን አጠፋሁት።

«ምነው?» አለኝ።

«ቴፑ ካሴቱን እየበላው ነዋ።»

«አልበላውም። እንዲህ ነው ዘፈኑ።»

የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህንን ድምፅ ሰው ቤቱ ወስዶ እንዲሰማለት። ለዚያ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜን ጠበቀ።

እኔ የፈራሁት ግጥሙን ነበር። ስለ ጉምና ስለ ዝናብ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን ስምን በወረቀት ላይ አስፍሮ ግጥም ለሳንሱር ምርመራ ማስገባት ያስጨንቃል። ሦስት ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ደነገጥሁ። በመጨረሻ በየገጹ ማኅተም ተመቶበት ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ችግር ያለ አልመሰለኝም።

ኮልፌ ካሴት ቤት የነበራቸው አቶ መኳንንት አባዝተው ሊሸጡለት ተስማሙ። «ማኅተም ካለው ምን አደምጣለሁ» ብለው ሳይሰሙት ተቀበሉን።

መሸጥ ከጀመረ ሳምንት ሳይሞላው ሰው ካሴቱን ይመልስ ጀመር። አንድ ቀን ከአምሐ ጋር ሱቁ በር ላይ ቆመን አንድ ገዢ ሲያማርር ሰማን።

«ጋሼ መኳንንት፣ ይሄ ካሴት ታሟል።»

«በእስክሪብቶ አጠንጥነው።»

«አጠንጥኜዋለሁ። አሁንማ ጭራሽ ሰክሯል።»

ከኋላው ያለው፣ «የኔው ዘፋኝ ጉድጓድ ገብቷል፤ ገመድ ይዛችሁ ኑ» ሲል ሁሉም ሳቁ።

አምሐ ወደ ባንኮኒው ቀረበ። «ጋሼ፣ አልተበላሸም። እንዲህ ነው የተቀዳው።»

«ልጄ፣ ሰው የገዛው ዘፈን ነው እንጂ ብልሽት አይደለም» አሉት።

ሰዓዳ እንኳ፣ ቴፗን ያዋሰችን ሰዓዳ፣ የሰጠናትን ካሴት ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥታ መጣች። «ፀዳለ፣ ሲቀዳ በረዶ ይወርድ አልነበር? እርጥበት ገብቶት ነው። አሁን ትንሽ ሳይሻለው አይቀርም» አለችኝ።

ያን ጊዜ ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ የሚጣል አልነበረም። አቶ መኳንንት የተመለሰውን ሁሉ ሰብስበው የሠርግ ዘፈን ቀዱበት። አምሐ የሰጣቸው ዋናው ካሴትም አብሮ ሄደ። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ «በምን ልለየው? ሁሉም ላይ ያው አንድ ብልሽት ነው ያለው» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው የለም። መጀመሪያ ቴፑን ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።

የሰዓዳ ካሴት ብቻ ቀረ። ፀሐዩ አጣሞታል፤ አይዞርም።

ሂድና ጊታሩን ተዋስ፣ እንደገና ቅዳው እያልኩ ብዙ ቅዳሜ ለመንኩት። አንድ ቀን፣ «እሺ፣ በረዶውን ከየት ላምጣው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም። በርሜሉንም ውኃ ሞላሁበት።

አምሐ አሁን ኮልፌ፣ ከፌርማታው አለፍ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ቴፕ ይጠግናል።