በበረኪና የታጠበ አሻራ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። «ተዪው፣ አለፈ» ይሉኛል። የት ነው ያለፈው? እኔ ላይ ገና አላለፈም። አክስቴ ናት፣ ያሳደገችኝ ናት። ዝም በይ የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ይሄን ይስማና ከዚያ ዝም ያሰኘኝ።

አክስቴ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። ማሽንማ አላቸው፤ ማሽኑ ያላስለቀቀው ሁሉ ግን የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ወይን የተደፋበት የጠረጴዛ ልብስ፣ የከንፈር ቀለም የነካው የትራስ ልብስ፣ እንግዳው ጫማውን የወለወለበት ነጭ ፎጣ። በሆቴል ፎጣ ጫማ የሚወለውል ሰው እናት የለውም መሰለኝ። በረኪና አፍስሳ ትዘፈዝፋለች፣ ታሻለች፣ ደግማ ትዘፈዝፋለች። ጓንት ይሰጧታል፣ አታደርገውም። «እድፍ የሚታወቀው በጣት ነው፤ በጓንት ምኑን አውቄ ነው የማስለቅቀው?» ትላለች። የሥራ ባልደረቦቿ ራሷን «በረኪና» ብለው ሰይመዋታል። ስትሰማ ትስቃለች። እኔ ብሆን ባልዲውን አናታቸው ላይ ነበር የምደፋው። እሷ ግን በሕይወቷ ሰው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

አንድ ልጅ አላት። ለእኔ ወንድሜ ማለት ነው፣ በአንድ ሳፋ ታጥበን ነው ያደግነው። ሰው አገር ሄዶ ግንብ ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የቆመበት መወጣጫ ተናደና ወገቡ ተሰበረ። ሆስፒታሉም «ተሽሎሃል» ብሎ ሸኘው፤ እንግዲህ ከአንድ አልጋ ወደ ሌላ አልጋ መሄድ መሻል ከተባለ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ሥራ ውለው ነው የሚመጡት። በስልክ ሲያወሩ «እማ፣ ውሃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ግን አልደርስበትም። ሲመጡ እጠጣለሁ» አላት፣ እንደ ቀልድ። አክስቴ አብራው ሳቀች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን እዚያው ተቀምጣ ቀረች።

«ልጄ ውሃ እያየ ይጠማል» አለችኝ። «እሄዳለሁ። እሱ በእግሩ እስኪቆም አጠገቡ እሆናለሁ።»

ቪዛ አመለከተች። አሻራ የምትሰጥበት ቀጠሮም ደረሰ።

የቀጠሮው ጠዋት ልወስዳት ስሄድ ቤቱ በበረኪና ሽታ ታፍኗል። አክስቴ ሳፋ ላይ አጎንብሳ፣ ተረከዝ በሚፈገፈግበት ድንጋይ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትፈገፍጋለች።

«ምን ሆነሻል እትዬ? ዛሬም ሥራ?»

«ጣቴን ሊያዩ አይደል እንዴ የጠሩኝ? ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት።»

«አሻራ ሊወስዱ ነው እንጂ ሊያጩሽ አይደለም እኮ!»

«ሂጂ ከዚህ፣ አንቺ ባለጌ» አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ አውራ ጣቷን ደግማ ፈገፈገችው።

የቪዛ ቢሮው ግድግዳው ላይ የአውሮፕላንና የሚስቁ ሰዎች ፎቶ ሰቅሏል። ወንበሩ ላይ ያለነው ግን አንዳችንም አንስቅም። ስልክ አጥፉ፣ ቦርሳ አስቀምጡ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ወዲህ እለፉ፣ ወዲያ ተመለሱ። ተራዋ ሲደርስ «ዓይኗ ደክሟል» ብዬ አብሬያት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ መስታወት ያላት ትንሽ ማሽን አለች፤ ከማሽኗ ኋላ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ተቀምጧል።

«አራቱን ጣት እዚህ ጋ አድርጊ» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

አድርጊ! እኔ አንቺ የምላት ጀርባዋ ላይ ታዝዬ ስላደግኩ ነው። እሱን ማን አዝሎት ነው?

«እርስዎ በላቸው» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አለች አክስቴ። ለእኔ ትበለው ለእሱ እንጃ።

ጣቶቿን አስቀመጠች። ማሽኗ ቀይ አበራች። «ጫን አድርጊ» አላት። ጫነች፣ ቀይ። ተነስቶ ራሱ ጣቷን ይዞ ተጫነው፣ ቀይ። በእርጥብ ወረቀት ጠረገው፣ ቀኙን በግራ ለወጠው፣ አሁንም ቀይ። «ምንም መስመር የላትም» ብሎ አለቃውን ጠራት። አለቅየዋ ጫማዋን እያንቋቋች መጣች። የአክስቴን እጅ ሊሸጥ እንደቀረበ ዕቃ ገለባብጣ አየችው።

«ጣትሽን ምን አድርገሽው ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም» ብሎ ይገላገላል። አክስቴ ግን እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ብላ ያሳደገችን ሴት ናት። ደግሞ እኮ ንጽሕናዋን ያደነቁላት መስሏት ፊቷ በራ።

«ጠዋት በበረኪና ዘፍዝፌ በድንጋይ ፈገፈግኩት» አለች።

«ሆነ ብለሽ?»

«አዎ ልጄ። ለእናንተ ብዬ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። አለቅየዋ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ለካ ሰው አገር ተይዘው የተባረሩ ሰዎች፣ የድሮ አሻራቸው እንዳይገኝ ጣታቸውን በእሳትና በአሲድ ያጠፋሉ አሉ። ይሄን የሰማሁት በኋላ ነው። በአሲድ የሚያጠፋውን እሺ ያዙት! አክስቴ ግን ከዚህ ከተማ ወጥታ አታውቅም። ከየት ተባርራ ነው ጣቷን የምታጠፋው? ከልብስ ማጠቢያው ክፍል?

«ምንድነው የምትጽፊው?» ብዬ ጮህኩ። «ልብስ አጣቢ ናት እኮ! ዕድሜዋን ሙሉ በረኪና ውስጥ ነው የኖረችው! ሆቴሉ ጋ ደውለሽ ጠይቂ!»

«ራሷ ያለችውን ነው የጻፍኩት» አለችኝ።

ጥበቃው ክንዴን ይዞ ወደ በሩ መራኝ። እየወጣሁ ያልተሳደብኩት ስድብ የለም። አክስቴ ደግሞ ከኋላዬ «ይቅርታ አድርጉላት፣ ተናዳ ነው እንጂ ደግ ልጅ ናት» ትላቸዋለች። እነሱን! ይቅርታ!

ለማንኛውም ሌላ ቀጠሮ ሰጧት። እስከዚያ እጇን ውሃም ሳሙናም እንዳይነካው፣ ቆዳው ይመለሳል አሏት። ፈቃድ ስትጠይቅ የሥራ አለቃዋ «ምነው፣ ጥፍር ልታሠሪ ነው?» ብሎ ቀለደባት። ያለ ደሞዝ እረፍት ወጣች። እጇን ቫዝሊን እየቀባሁ ካልሲ አጠለቅኩላት። ልብሷን እኔ ሳጥብ ባለ ካልሲ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከኋላዬ ትቆማለች። «አንገትጌው! አንገትጌውን ዘለልሽው! ኧረ ተዪው፣ እንዲህ ከሚታጠብስ ከነእድፉ ልልበሰው!» ታጥቦ የተሰጣውን ስታይ የሰው ሬሳ ያየች ይመስል ፊቷን ታዞራለች። ልጇ ሲደውል ግን «እየመጣሁ ነው፣ አይዞህ፣ ጣቴ ብቻ እስኪበቅል ነው» ትለዋለች። እሱ ቀልድ መስሎት ይስቃል።

በቀለላትም። መስኮቱ ጋ ወስዳ አሳየችኝ፤ ጣቷ ጫፍ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል። የሕፃን ጥርስ የበቀለ ያህል ደስ አለን።

በሁለተኛው ቀጠሮ ማሽኗ አረንጓዴ አበራች። ያ ጎረምሳ ራሱ «ይኸው!» ብሎ ፈገግ አለ። አክስቴ ትዳርህ ይመር፣ ልጅ ውለድ ብላ መረቀችው። የዚያን ቀን ልብስ የምትይዝበት ሻንጣ አወረድን።

መልሱን ውሰዱ ተብለን ስንሄድ ሌላ ልጅ በመስኮት ነገረን። ተከልክላለች።

«ለምን?» አልኩ።

«ማንነቷን ለመደበቅ ሆነ ብላ አሻራዋን አጥፍታለች ይላል። በራሷ አንደበት አምናለች።»

«አሻራዋን ወስዳችሁ የለም እንዴ! ማን እንደሆነች አሁን እዩዋ! የምትደብቀው ምን አላት?»

«ውሳኔው የኛ አይደለም፤ እኛ ተቀብለን እናስተላልፋለን።»

አያችሁልኝ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቃሏን ያጣመመችው እዚያ ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ የወሰነው ሰው ግን የትም የለም። ደግማ ማመልከት ትችላለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ትችላለች፣ ያ ነገር ግን ከስሟ ጋር ተመዝግቦ ይቆያል አለኝ። አክስቴ ሁሉንም ሰማች። «አታላይ ነው ያሉኝ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀስ ብላ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ሴት፣ ክንዷን ይዤ ወደ ደጅ መራኋት።

ቤት እንደገባን ልጇ ደወለ። ጆሮዋ ስለሚከብዳት የስልኩን ድምፅ ለቃ ነው የምታወራው።

«እማ፣ እንዴት ሆነ? መቼ ነው የምትመጪው?»

«ተውኩት ልጄ» አለችው። «አውሮፕላን ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሰማይ ላይ ምን አወጣኝ?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በዚያኛው በኩል «እሺ እማ» አለ። «ፈርተሽማ ከሆነ ምን ይደረጋል።» አመናት። እናቱ አውሮፕላን ፈርታ የቀረችበት ልጅ ሆኖ ሊተኛ ነው።

እዚያ ላይስ አልቻልኩም። ስልኩን ነጠቅኳት። «ውሸቷን ነው!» ብዬ በረኪናውንም፣ ድንጋዩንም፣ ካልሲውንም፣ አታላይ መባሏንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩለት። አክስቴ ክንዴን እየጎተተች «ተዪ! ተዪ!» ትላለች። ስጨርስ ማልቀስ ጀመረ። ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።

አክስቴ ስልኩን ተቀበለችኝ፣ ድምፁን ቀንሳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ቀስ ብለህ አልቅስ» አለችው። «አትንቀጥቀጥ፣ ወገብህን ትጎዳዋለህ።»

ትንሽ አዳመጠች።

«አጠገብህ ማን አለ?» አለችው።

የመለሰላትን አልሰማሁም።

«እሺ» አለችው። «እንግዲያው በእጅጌህ ጥረገው።»