ለቴዲ የተያዘው የመንገድ ዳር ክፍል

ዛሬ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው እኔ ዱባለ ገብሬ ምንዳ፣ የቡታጅራ ነዋሪ ነኝ። የምጽፈው የጎረቤቴን የባልቻን ኑሮ ነው። እኩያዬ ስለሆነ አንቱ አልለውም።

ባልቻ ልብስ ሰፊ ነበር። ሚስቱ ሞታ፣ ዓይኑም ሲደክም የስፌት መኪናውን ሸጠ። ከዚያም ግቢውን አስይዞ ከአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ተበደረና በጓሮ አራት የኪራይ ክፍሎች፣ በመንገዱ ዳር ደግሞ አንድ ሰፊ ክፍል ሠራ። ዋሱ እኔ ነበርኩ።

ብድሩ ይከፈላል ተብሎ የታሰበው በመንገድ ዳሩ ክፍል ኪራይ ነበር። ባልቻ ግን አላከራየውም። አንድ ልጁ ቴዲ መርካቶ ይነግዳል፤ ቤቱ ሲሠራ «መስቀል ስመጣ እዚያ ሱቅ እከፍታለሁ» ብሎት ነበር። ስለዚህ ባልቻ በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል፤ አልጋ ዘርግቶ አንሶላ ያነጥፋል፤ ሲመሽም መብራት ያበራል። እኛ ዘንድ ልጅ የትም ቢነግድ መስቀልን በአባቱ ቤት ያርዳል፣ ይመረቃል። ቴዲ ግን በየዓመቱ ምክንያት ነበረው።

መብራቱን ሳይ፣ በስውር አከራይቶ ኪራዩን ይደብቃል ብዬ ጠረጠርኩ። የግብር ሠራተኛውም እንደ እኔ ጠርጥሮ ክፍሉን እንደተከራየ ሱቅ ገመተበት። አብሬው ቢሮ ሄድኩ።

«አባባ፣ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው ብለው ይፈርሙ። ግምቱ ይነሣልዎታል» አለው ሠራተኛው።

«ባዶ አይደለም።»

«ታዲያ ማን አለበት?»

«የቴዲ ነው።»

«ቴዲ ኪራይ ይከፍላል?»

«ለአባቱ?» አለ ባልቻ። ሠራተኛው ሳቀ። ባልቻ ግን አልፈረመም።

ግብሩን ከጓሮ ክፍሎቹ ኪራይ ከፈለ፤ የማኅበሩ ክፍያ ግን ተጓደለ። የሚያስጠግንበት ገንዘብ ስላጣም የጓሮ ክፍሎቹ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሁለት ተከራዮች ለቀው ወጡ። ባለፈው ክረምት ማኅበሩ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ካልከፈለ ግቢው በሐራጅ እንደሚሸጥ አስታወቀው።

ከቀሩት ተከራዮች አንዷ ሃሊማ ልብስ ነጋዴ ናት። እኔ ባለሁበት፣ የመንገድ ዳሩን ክፍል ቅድሚያ ከፍላ ልትይዘው ጠየቀችው።

«ልጄ ሲመጣ የት ላሳርፈው?» አላት።

«አባባ፣ ወላሂ ቴዲ ከመጣ ጨርቄን ተሸክሜ በዚያው ቀን እወጣለሁ! እርስዎ እኮ ክፍሉን ለአንሶላ አከራይተው ግቢውን ሊያጡ ነው። ጋሽ ዱባለ፣ እስቲ ይንገሯቸው!»

«አከራይ» አልኩት።

«ይህችን መስቀል ብቻ ታገሡኝ» አለን።

መስቀል ደረሰ። ባልቻ ከቅርጫው የሁለት ሰው ድርሻ ወሰደ። በደመራው ዕለት ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ከአዲስ አበባ የሚገባውን ሚኒባስ ሁሉ ሲመለከት ዋለ። ከሚወርዱት መካከል አንድ ረጅም ሰው ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። በማግስቱ ቴዲ ደወለ። መንገዱ ያሰጋል ስለተባለ ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አላልኩም አለ። ባልቻ በስልኩ መረቀው፤ አጠገቡ ነበርኩ። ከዚያ አንሶላውን አጠፈ፤ አልጋውን ራሱ ፈታታ፤ ቁልፉን ለሃሊማ ሰጣት። በዚያን ቀን አልቀለደችም። በሁለት እጇ ተቀበለችው።

በሃሊማ ቅድሚያ ክፍያ ግቢው ከሐራጅ ተርፏል። ጣሪያውም ተጠግኗል። ባልቻ ግን በሱቁ በኩል ማለፍ ትቷል፤ በጓሮ በር ዞሮ ይወጣል፣ ዞሮ ይገባል። ስለ ልጁ ለሚጠይቀው ሁሉ «መንገዱ ሰላም ቢሆን ይመጣ ነበር» ይላል።

እኔ በዚያ ሰሞን ሚኒባሶቹ ሲመላለሱ አይቻለሁና ነገሩን አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት ለማንም ሳልናገር፣ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ከቡታጅራ በፊት ወደምትገኘው ወደ ቡኢ ሄጄ የቴዲን ሚስት ወላጆች ጠየቅሁ። ለባልቻ እስካሁን አልነገርኩትም። ቴዲ በደመራው ዕለት ቡኢ ገብቶ፣ በአማቱ ቤት አርዶ፣ ሦስት ሌሊት አድሮ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል።