ሽማግሌዎቹ የፈረዱብኝ ዓመት

ባለፈው ሳምንት አርሊንግተን ቢሮ የምትሠራ አንዲት ልጅ ደውላ «ሂሩትዬ፣ ጆቤን ኩዊት ላደርግ ነው፤ አንቺ ለቤተሰብሽ እንዴት ነገርሻቸው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። መንገሩስ ቀላል ነበር፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚህ አሜሪካ አንድ የመንግሥት ኮንትራት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የዳታ ባለሙያ ነበርኩ፤ ደመወዜ ደህና፣ ወንበሬ ምቹ፣ ስብሰባው ማለቂያ የሌለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖከር እጫወታለሁ። ጎበዝ ነበርኩ፣ ይህን ለማለት አላፍርም። አንድ ቀን አሌክሳንድሪያ እናቴ ቤት ሄጄ ቢሮውን ልለቅ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ሥራዬ ፖከር እንደሚሆን ነገርኳት። «ቁማር?» አለች። በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዬ ድረስ ሦስት ሽማግሌ ላከችብኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚላክ ሽማግሌ!

የጽጌ ጾም ስለነበር የምስር ሳምቡሳና ሻይ አቀረብኩ። በመስኮቱ የሚታዩት ዛፎች ቀልተዋል። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እናትሽ እንቅልፍ አጥታለች። እምቢ ካልሽም እሷን ‹ኮንሰልታንት ሆኛለሁ› በያት። ማን ቼክ ያደርጋል?»

ለአፍታ አማለለኝ። ግን እናቴ ናት።

«ጋሽ ወርቁ፣ ጠረጴዛው ላይ የምሸውዳቸው ሰዎች እንደምሸውዳቸው እያወቁ ነው የሚቀመጡት። እናቴን ግን አልሸውዳትም።»

ሦስቱ ተያዩ። ከዚያ እኔንና እናቴን እንደ ባልና ሚስት ዳኙን፤ አንድ ዓመት እሞክራለሁ፣ በየእሑዱ እናቴ ዘንድ ሄጄ ማሸነፌንም መሸነፌንም ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ ዓመቱ ሲሞላ እሷ «በቃሽ» ካለች ወደ ቢሮ እመለሳለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲነግሯት እናቴ ወዲያው ተስማማች። ኀፍረቱ በሁለት ወር ይመልሳታል ብላ ነው።

አለቃ ሸሽቼ የባሰ አለቃ ገጠመኝ። መጋቢት ላይ አራት እሑድ በተከታታይ መሸነፌን፣ አንድ ተጫዋችም እንደሚያናድደኝ ተናገርኩ። እናቴ ቀይ ሥር እየከተፈች ትሰማኛለች፤ እስከዚያ ቀን አንድም ቃል ተንፍሳ አታውቅም። በአራተኛው እሑድ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ያ የሚያናድድሽ ሰውዬ ባለበት ቀን ነው ሁሌ የምትሸነፊው። እልህ ይዞሻል። ሌላ ጠረጴዛ የለም እንዴ?»

ደነገጥኩ። ልክ ነበረች፤ በማግሥቱ ጠረጴዛ ቀየርኩ።

ዓመቱ ሲሞላ ሽማግሌዎቹ እናቴ ቤት ተሰበሰቡ። የሰው ፊት አንብቤ የምኖር ሴት የእናቴን ፊት ማንበብ አቃተኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ቁማር አልወድም፤ ወደፊትም አልወድም» አለች። «ግን ይህች ልጅ ቢሮ ስትሠራ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ሥራ ደህና ነው› ከማለት በቀር የዋለችበትን ነግራኝ አታውቅም። ልጄን ያወቅኋት ዘንድሮ ነው። ትቀጥል። እሑዱም ይቀጥል።»

ይኸው እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ እተዳደራለሁ፣ እኮራበታለሁም። ሰዎች ምስጢሩ ሒሳብ ይመስላቸዋል። ሒሳቡን ማንም ይማረዋል፤ ከባዱ መሸነፍን ለሚወዱት ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ መናገር ነው። የእናቴ ጆሮ አሁን ደክሟል። እሑድ እሑድ መሸነፌን የምነግራት እየጮህኩ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።