ቅቤ የተቀባው የወርቅ ሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ማርታ ሶዶ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የእጅ ሰዓቷን በስልኳ ፎቶ ስታነሳ አገኘኋት። ከውጭ የመጣ፣ ውድ የሚባል ሰዓት ነው። ልትሸጠው ነው። በጨርቅ ትወለውለዋለች፣ ታነሳዋለች፣ መልሳ ትወለውለዋለች። «አባባ፣ ስንት ብዬ ልለጥፈው?» አለችኝ። አዲሱ የሚሸጥበትን ስትነግረኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ጊዜ ውሃ ገብቶበት ነበር። አሁን ይሠራል። እሱን ባልጽፈውስ?» አለች። ከስልሳ ዓመት በፊት የሸተተኝ ለጋ ቅቤ እንደገና ሸተተኝ።

ያደግኩት እዚሁ ወላይታ፣ ከገሱባ ወዲህ ባለች መንደር ነው። አባቴ በሬ አድላቢ ነበር። በእኛ አገር ሰንጋ ማደለብ ቀልድ አይደለም። በሬው ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ የስኳር ድንች ሐረግና የእንሰት ቅጠል እየተቆረጠ ይቀርብለታል፣ ከልጆቹ ቀድሞ የሚበላበትም ቀን አለ። ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም፤ ትንሽ ብቻ ነው። ገበያ ሊወጣ ሲል አባቴ ገላውን ያጥበውና መዳፉን ቅቤ አስነክቶ ጠጉሩን ያሸዋል። በማግስቱ ፀሐይ ሲያገኘው ገዢ ከሩቅ ያየዋል።

ሰዓቱም ቤታችን የገባው በበሬ ምክንያት ነው። ሶዶ ውስጥ ቆዳ ይገዛ የነበረ አንድ ግሪክ ከአባቴ ሰንጋ ወስዶ ነበር። ወደ አገሩ ሊሄድ ሲነሳ በዋጋው ፋንታ የወርቅ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጠው። አባቴ ሰዓት ማንበብ አይችልም። በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ለበዓል ለበዓል እያወጣ ይሞላውና ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጠው ነበር።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ ተመደብኩ። ምግብና መኝታው የመንግሥት ነው። የመኪናው፣ የብርድ ልብሱና የጫማው ግን የእኛ ነበር። ደብዳቤው ደግሞ ደመወዝ ያለው ዋስ አቅርብ፣ መስከረም ሳያልቅም ድረስ፣ አለዚያ ቦታህ ለሌላ ይሰጣል ይላል። ለመንገዴ የታሰበው ሰንጋ ክረምቱ ሳይወጣ ታሞ ሞቶብናል። አባቴ ሣጥኑን ከፈተ።

በሰዓቱ መሸጫ ዋጋ አልተስማማንም። እኔ ሶዶ ስማር አንድ ባለሱቅ ጠይቄ ነበር። «አዲሱ አዲስ አበባ አምስት መቶ ብር ይሸጣል። ያገለገለ ዕቃ ከግማሹ ከደረሰ ተመስገን በል» ብሎኛል። እኔም ግማሹን ይዤ በሐሳቤ የቆዳ ጫማ ገዛሁ፣ ኮት አሰፋሁ። አባቴ ግን፣ «አንድ በሬ ሰጥቼ ያገኘሁት ነው። የአንድ በሬ ዋጋ ካወጣ በቂዬ ነው» አለ። ያኔ ደህና ሰንጋ መቶ ብር ቢያወጣ ነው። ሳቅሁበት።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት አባቴ እናቴን ቅቤ ጠየቃት። ለመስቀል ያጠራቀመችው ነበርና ፊቷ ጠቆረ። «ብረትም ቅቤ ያምረው ጀመር?» አለች። ቢሆንም ሰጠችው። አባቴ ሰዓቱን መዳፉ ውስጥ አድርጎ ወርቁንም መስተዋቱንም፣ በጎን ያለውን መሙያ ሳይቀር፣ እንደ በሬው አሸው። ስምንተኛ የጨረስኩት እኔ ተው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሲያብረቀርቅ እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዳገቱ ላይ እግራችን እያዳለጠን፣ የዳሞታን ተራራ ከፊታችን እያየን ሄድን። እናቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችልንን ቅቅል ጎዳሬ በዳጣ እያጠቀስን ወንዝ ዳር በላን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረታች። ሰዓቱ በአባቴ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ቅቤው እንደሚቀልጥ ለሁለታችንም አልታየንም።

ባለሱቁ የጠቆመኝ ገዢ አቶ ኃይሉ ይባላሉ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ አያታቸው ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ ሰው ነበሩ። በረንዳቸው ላይ አስቀመጡን። የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ስለሆነ፣ ከ«ስንት»፣ ከ«ጨምር»ና ከሚሸጡ ነገሮች ስም ብዙም ስለማያልፍ፣ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አቶ ኃይሉ ሰዓቱን አገላበጡ፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ እሰጣለሁ» አሉና ገንዘቡን ሊያመጡ ገቡ። የቆዳ ጫማዬ ታየኝ።

አባቴ ሰዓቱን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ከመስተዋቱ በታች፣ ከውስጥ በኩል፣ ቅባት ዙሪያውን ይዞ ነበር። ፊቱ ተለወጠ። አባቴ በሬ ሲሸጥ ጉድለቱን ገንዘብ ሳይነካ ይናገራል፤ የሚራገጥ ከሆነ ይራገጣል፣ መኖ የሚመርጥ ከሆነ ይመርጣል ይላል። አቶ ኃይሉ ብሩን ይዘው ሲወጡ በቋንቋችን በወላይታቶ፣ «ቅቤ እንደቀባነውና ወደ ውስጡ እንደገባ ንገራቸው» አለኝ።

ወደ አቶ ኃይሉ ዞርኩ። «አባቴ፣ ሰዓቱን በደህና ይያዙልኝ ይላል» አልኩ።

አቶ ኃይሉ ብሩን እንደያዙ ቆሙ። አባቴ አየኝ። ቅቤ የምትለዋን ቃል በአማርኛ ያውቃታል፤ ዕድሜ ልኩን ገበያ ሲሰማት የኖረ ነው። ጠበቃት፣ አልመጣችም። ያን ጊዜ እኔን ተወኝና ራሱ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ቅቤ። ውስጡ ቅቤ ገባች። እኔ ቀባሁ።»

አቶ ኃይሉ ሰዓቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ወርቁ ያው ወርቅ ነው። ማሽኑ ግን ተፈትቶ መታጠብ አለበት፤ ያንን የሚችል ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለው» አሉ። «መቶ ብር።»

ሳልተረጉምለት አባቴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። የአንድ በሬ ዋጋ ነው። ብርድ ልብስና የሸራ ጫማ ገዝተን ዘመድ ቤት አደርን። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። የቆጨኝ ውሸቴ ሳይሆን መቶ ሠላሳው ብር ነበር።

አባቴ በማግስቱ ሲመለስ እኔ ዋስ ፍለጋ ሶዶ ቀረሁ። አስተማሪዎቼ ከዕረፍት አልተመለሱም። የማውቃቸው ደመወዝተኞች አንዱ ታምሜአለሁ፣ ሌላው ለወንድሜ ፈርሜአለሁ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን፣ መኪናው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሌላ ሰው ስላጣሁ አቶ ኃይሉ በር ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን አንብበው ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከዚያም ቀና ብለው በጥርት ያለ ወላይታቶ ተናገሩኝ።

«እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባትህ ያለውን ሰምቻለሁ። አንተ የዘለልከውንም ሰምቻለሁ። ይህን የፈረምኩት ለእሱ ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። አባቴ ለብሩ ሲል እንኳ አላመነታም ነበር፤ እኔ ግን የሳቅሁበት ሰው መልካም ስም ዋስ ሆኖኝ መኪና ላይ ወጣሁ። አባቴ ያን ነገር እስኪሞት ድረስ አላነሳብኝም፤ ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ይህ እስካሁን ያመኛል።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ከአማርኛ ወደ ወላይታቶ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል አይጥልም ይሉኛል። ሰባኪው ሲደጋግም እደጋግማለሁ፣ ሲሳሳት ስህተቱን ጭምር አስተላልፋለሁ። ሰዎች ችሎታ ይመስላቸዋል።

ለማርታ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስልኳን አነሳች፣ ውሃ ገብቶበት እንደነበር ጻፈች፣ ዋጋውን አጥፍታ ሌላ ዋጋ አስገባች።

«በጣም ወረደ እኮ፣ አባባ» አለችና አሳየችኝ።

«የዘንድሮ ሰንጋ ስንት ገባ?» አልኳት።

ሳቀች። ባለፈው ሳምንት አባቷ ከጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ ለመስቀል የገዛውን በሬ ዋጋ ነገረችኝ። የሰዓቷ ዋጋ ከእሱ ትንሽ ይበልጥ ነበር።

«አባቴ ይስማማ ነበር» አልኳት።