ደቻቱ የሰጠን ዘጠኝ ቀን

ፋርማሲ ገብቼ የክኒን ጠርሙስ ተከፍቶ ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሳላስበው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ወደነበረው ቤታችን እመለሳለሁ። አያቴን አባባ ግዛውን አየዋለሁ፤ ዕድሜውን በባቡር ሥራ ፈጅቶ ጡረታ ሲወጣ በሽታ የተረከበው ሰው ነበር።

በበጋው ሐሩር ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እናቴ ለአባቷ መድኃኒት ትፈልግ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር ለልቡ ብሎ የሰጠው ክኒን ሲያደክመው፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ባለ ፋርማሲ ማበርቻ ይሸጥላታል፣ ማበርቻው እንቅልፍ ሲነሳው ደግሞ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከራሷ የተረፋትን በወረቀት ጠቅልላ ታመጣ ነበር። «ወላሂ አቶ ግዛው፣ እኔን እስከ ፀሐይ ነው ያስተኛችኝ፣ ይዋጧት!» አባባ ይሉኝታ ስለሚይዘው የማንንም አይመልስም ነበር። ጠዋት ጠዋት እፍኝ ሙሉ ውጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲፈዝ ይውልና እኔን በሟች እህቱ ስም ይጠራኝ ነበር፤ እኔም አኮርፈው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክረምት ገባና አንድ ከሰዓት ደቻቱ ሞልቶ ግቢያችንን አጥለቀለቀው፤ አባባን ተሸክመን ስንወጣ ጎርፉ የመድኃኒቱን ሳጥን ይዞት ሄደ። ቤቱን ከጭቃ እስክናወጣ ዘጠኝ ቀን መድኃኒት ያስታወሰ አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን አባባ አካፋ አንስቶ ጭቃ ሲዝቅ አገኘሁት። በስሜ ጠራኝ፤ ባቡር አምልጦት እስከ መልካ ጀብዱ በእግሩ ስለሮጠ ሙሽራ እያወራ አሳቀኝ። እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች። «ተመስገን! የዋጠው ሁሉ ይኸው አሁን ሠራለት፣ ኃይሉ ሳያልቅበት ልድረስ!» አለችና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ከዚራ ሮጠች። ሁሉንም በእጥፍ ይዛ ተመለሰች።

አባባ በኅዳር፣ በተቀመጠበት አረፈ። እናቴ «ዘጠኝ ቀን ባይቋረጥበት ኖሮ አይሞትብኝም ነበር» እያለች እስክትሞት ድረስ ራሷን ስትወቅስ ኖረች። እኔ ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ግን በምን አንጀቴ ልንገራት?

ያኔ መድኃኒት ሲሰጥ ሌላው ምን እንደሰጠ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ወጣቱ ሐኪም ማዘዣ ከመጻፉ በፊት፣ «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይለኛል። ልጄ ለጉልበቴ ብላ የገዛችልኝ፣ ጎረቤቴም ለግፊቴ ያካፈለችኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ብናገር ይከለክለኛል፣ እነሱም ይቀየሙኛል።

«የለም ልጄ፣ ምንም የለም» እለዋለሁ።