ለእልፌ የተመረጠው ሽቦ

ጋሽ ሰይፈሚካኤል በአዳማና በአሰላ መካከል ዕድሜያቸውን በሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ከተሳፋሪ ጋር ተጣልተው አያውቁም፤ ጠባቸው ከድምፅ ማጉያ ጋር ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ዘፈኑ እየተቆራረጠ ከደረሰው መኪናውን ዳር አቁመው ሽቦ ይነካካሉ፣ ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ይቆያል። ወይዘሮ እልፍነሽንም ያገኟቸው እንዲሁ መንገድ ላይ፣ ደራ ከተማ ቆመው ሽቦ ሲነካኩ ነው። "አንተ ሹፌር ነህ ወይስ ዘፋኝ?" ብለው የተቆጡት ተሳፋሪ በዓመቱ ሚስታቸው ሆኑ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ጡረታ ሲወጡ ስኳር በሽታ ቤታቸው ገባ። መጀመሪያ የወይዘሮ እልፍነሽን ዓይን ወሰደ፣ ከዚያ እግራቸውን ያዘ። አንድያ ልጃቸው ቢሊሴ በተዳረች ዕለት እናት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሰው ተጠርቶ ቀኑ አይራዘምም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ቢሊሴ ሙሽራ ሆና ወደ ቢሾፍቱ ስትሄድ እናቷ ደጃፉ ላይ አልቆሙም። ይህ ነገር ከበሽታው ይልቅ አንገበገባቸው።

ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ከገቡ በኋላ "ባላይም ልስማው" አሉ። የሠርጉን ቪዲዮ በስልክ ከፈቱላቸው። ትንሽ አዳምጠው ስልኩን በእጃቸው ገፉት።

"ይሄማ ጣሳ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የልጄ ድምፅ የታለ?"

ቢሊሴና ባሏ ይህን ሲሰሙ ሆም ቴአትር ገዝተው አመጡ፤ አንድ ትልቅ ሣጥንና አምስት ትናንሽ ስፒከሮች። ጋሽ ሰይፈሚካኤልም እንደ ሰው ሁሉ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ደረደሩት። ግን አብሮት የመጣው ሽቦ ከሳሎኑ በር አያልፍም፤ ወይዘሮ እልፍነሽ ደግሞ የሚተኙት ከኮሪደሩ ማዶ ነው። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ እናንጥፍልሽ ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። "የገባ የወጣው ሁሉ ተጋድሜ ይየኝ? አይሆንም!"

ስለዚህ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ከቡፌው እስከ ሚስታቸው ትራስ በሲባጎ ለክተው አዳማ ፍራንኮ ሰፈር ወደሚገኘው የመሐመድሰዒድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄዱ። መሐመድሰዒድ አንድ ጥቅል አወረደላቸው። ከኪሳቸው ምላጭ አውጥተው ጫፉን ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ከቀዩ ሥር ነጭ ወጣ።

"ይሄ መዳብ አይደለም፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።"

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ቤት ወላሂ ይበቃል! ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም።"

"የእሷ ጆሮ ይለየዋል። ዓይኗም ጆሮዋ ነው አሁን።"

መሐመድሰዒድ ወፍራም ንጹሕ መዳብ ከመርካቶ አስመጣለሁ አላቸው። መጀመሪያ የመጣው ቀጭን ሆኖ መለሱት። ሁለተኛው መሐሉ ላይ የተቀጠለ ነበርና እሱንም መለሱት። እዚህ ላይ ሰውየውን ትከሻቸውን ይዞ መነቅነቅ ያሰኛል። እሳቸው ግን ያሰቡት እልፌ የልጇን ሠርግ ስትሰማ ምንም እንዳይጎድልባት ብቻ ነበር።

"አባ ቢሊሴ፣ ሽቦው መጣ?" ይላሉ ወይዘሮ እልፍነሽ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ።

"እየመጣ ነው፣ እልፌ።"

"እኔን ስትመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅህም።"

"አንቺን በድምፅሽ ነዋ የመረጥኩሽ! ቁጣሽ ከአውቶቡሱ ስፒከር ይበልጥ ነበር።"

አንድ ቀን ግን ሳይስቁ ጠየቁ። "ልጄ ከቤት ስትወጣ አልቅሳ ነበር?"

ጋሽ ሰይፈሚካኤል መልሱ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ያን ሰዓት ከልጃቸው ጎን ቆመው አይተዋል፣ ሰምተዋል። ግን ቀድሞ መናገር ማበላሸት መሰላቸው።

"ራስሽ ትሰሚዋለሽ። ትንሽ ታገሺኝ።"

ወይዘሮ እልፍነሽ ድጋሚ አልጠየቁም።

ሽቦው በመጨረሻ መጣ። በምላጭ ቢፍቁት እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ጥቅሉን ታቅፈው ባጃጅ ውስጥ ገቡ፤ ነፋሱ የሚያነሳው አቧራ እንዳይነካው በኮታቸው ሸፈኑት። ሰፈራቸው ሲደርሱ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እሳቸው በሌሉበት ከወይዘሮ እልፍነሽ አጠገብ የዋሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሎሚ እያለቀሱ ወደ ባጃጁ መጡ። ማንም መናገር አላስፈለገውም።

የዕድሩ ዳኛ መርዳሳና ወጣቶቹ ድንኳን ተከሉ፣ ሳሎኑን ለለቅሶ ባዶ አደረጉ፣ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፉ። በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ሰው ፊት አይቀመጥም። መርዳሳ ቴሌቪዥኑንና ስፒከሮቹን እያሳየ "ይሄን የት እናድርገው?" ቢላቸው ጋሽ ሰይፈሚካኤል ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

"የትም አድርጉት።"

የሠልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢ ሊያወጡ መኝታ ቤት ገቡ። ቴሌቪዥኑ ከአልጋው ግርጌ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ትልቁ የድምፅ ሣጥን ከሥሩ አለ። አምስቱ ትናንሽ ስፒከሮች፣ ያ አልደርስ ያለው ሽቦ ሳይነቀል፣ የወይዘሮ እልፍነሽ ትራስ ዙሪያ ተደርድረዋል። ሽቦው ደርሶ ተርፏል።

መርዳሳ ቢቆዩበት ተከትሏቸው ገባ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ጋቢውን ሳይዙ ቆመዋል።

"መርዳሳ፣ ይሄን ስታስገቡ አልከበዳችሁም?"

"ምን ይከብዳል ጋሼ? ቡና ሳይፈላ አስገብተን ጨረስን።"

ጋሽ ሰይፈሚካኤል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ትራሱን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ከዚያ አፋቸውን ጠጋ አድርገው፣ መርዳሳ እየሰማቸው፣ ያስቀሩትን መልስ ተናገሩ።

"አልቅሳ ነበር፣ እልፌ። አንቺን እየጠራች ነው የወጣችው።"