ጭምብላሙ እና የመፈልፈያው በር

ሚዛን ተፈሪ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ከወላይታ የመጣች ነጋዴ ከሱቋ ጎን ጌም ቤት ከፍታ ነበር። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ከወንዶቹ መሃል ተጋፍቼ ጆይስቲክ የምይዝ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማን ምን እንደሚለኝ ደንታም አልነበረኝ። የምንጫወተው ሬስሊንግ ነው። ሌሎቹ ደረተ ሰፊዎቹን፣ ሕዝብ የሚያጨበጭብላቸውን ይመርጣሉ። እኔ ሁሌም የምመርጠው ጭምብላሙን ነው፤ ከዓይኑ በስተቀር ፊቱ የተሸፈነውን፣ ገና ብቅ ሲል የሚጮህበትን፣ ልጆቹ «ሌባው» የሚሉትን።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ እሱን የሚተካከል አላየሁም። ጉልበቱ ከሁሉም ያንሳል፣ ግን ያስባል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዳኛው እያየ በወንበር የመታ ተሸንፏል። ስለዚህ ጭምብላሙ ይጠብቃል። ይመታል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አሁንም ይጠብቃል። ዳኛው ለአፍታ ጀርባውን ሲሰጥ ከሪንጉ ሥር ታጣፊዋን የብረት ወንበር መዘዝ ያደርግና ግዙፉ ተጋጣሚው ወገብ ላይ ያሳርፍበታል። ዳኛው ሲመለስ ወንበሯ የለችም። ጭምብላሙ እጁን ዘርግቶ «እኔ ምን አደረግኩ?» የሚል ይመስላል። ወንዶቹ ይበግናሉ፣ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ቤት ግን ሳቅ አልነበረም። አባቴ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ማሽኑ የደረቀውን ቡና ሲፈለፍል የሚበነው ገለባ ሰው ያሳውራል፤ ሠራተኞቹ ፊታቸውን በጨርቅ ስለሚጠመጥሙ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። የኋላው በር ቢከፈት ብናኙ በወጣ ነበር። ነገር ግን ቡና እንዳይሰረቅ ተብሎ ማሽኑ እየዞረ በሩ እንዳይከፈት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ አዟል።

አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ነበር። በዚያ ዓመት ከብናኙ የመጣው ሳል ስለባሰበት ከመዘምራኑ ወጥቶ ኋላ መቀመጥ ጀመረ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከአቧራው ካልራቀ ሳንባው እንደሚጎዳ ቁርጡን ነገረችው። በሩ እንዲከፈት ካቦውን አንድ ጊዜ ለመነ፣ እምቢ አለው፣ በቃ።

«አባዬ፣ ራስህ ክፈተው» ብዬ ጮህኩበት።

«ተከልክሏል» አለኝ።

በሕይወቱ የተከለከለ ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሌላ ጊዜ እኮራበት ነበር፤ ያን ቀን ግን አንጀቴ አረረ።

አንድ ቅዳሜ ምሳውን ላደርስ ወጥቼ ጌም ቤት ጎራ አልኩ። አንድ ጨዋታ ብቻ ብዬ ነው፤ ያው የታወቀ ነው። ጭምብላሙ ሪንግ ላይ እያለ በሩ ጨለመ። ቀና ስንል ፊቱን የጠመጠመ፣ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ የለበሰ፣ ሁለት ቀያይ ዓይኖች ብቻ የሚታዩት ሰው ቆሟል። ልጆቹ አንዴ ስክሪኑን አንዴ በሩን አዩ። አንዱ ቀስ ብሎ «ሌባው መጣ» አለ።

አባቴ ነበር፤ ረሃብ ቢያስቸግረው ሊፈልገኝ ወጥቶ። ጉዴ ፈላ ብዬ ስጠብቅ እሱ ስክሪኑ ላይ ፈዟል።

«ይሄ ሰውዬ የየትኛው መፈልፈያ ነው?» አለ።

የምሩን ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቴሌቪዥን ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው ሲያይ የመጀመሪያው መሆኑ ገብቶኛል።

የጌም ቤቱ ባለቤት አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችለት። ምሳውን ከፍቶ እየበላ ያይ ጀመር። ወንበሯ ስታርፍ መጉረሱን ተወ።

«ይሄማ ግፍ ነው። ዳኛው የት ሄዶ ነው?»

«ዞሮ ነው።»

«ባይዞርስ?»

«ይጠብቃል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪዞር ነዋ፣ አባዬ።»

ለራሱ በቤንችኛ አንድ ነገር አጉረመረመ። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ድገሚው» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ምሳ ይዤ በቀጥታ ሄድኩ። ከመፈልፈያው ጀርባ ቡናማ ብናኝ ወደ ሜዳው ሲወጣ ከሩቅ አየሁና እርምጃዬን አፈጠንኩ። ስደርስ ማሽኑ እየዞረ የኋላው በር ወለል ብሏል። ካቦው የጭነት መኪና ሊቀበል ወደ ዋናው በር ሄድ ሲል ነው የተከፈተው። መዝጊያው እንዳይመለስም የካቦው የራሱ ታጣፊ ወንበር ደፉ ላይ ተዘርግቷል። ሠራተኞቹ ጨርቃቸውን አንገታቸው ላይ አውርደው አየር ይስባሉ። ካቦው ተመልሶ «ማነው የከፈተው?» እያለ ያምባርቃል።

ጭምብላሙ ቢሆን እጁን ዘርግቶ ይክድ ነበር። አባቴ መዋሸት አያውቅበትም። ጨርቁን ከፊቱ ፈታና «እኔ ነኝ» አለ። «ለቡናው ከሆነ ዘበኛ ያቁሙበት፣ ጋሼ። እኔ ግን አልዘጋውም።»

ካቦው ወንበሩን ሊጎትት ጎንበስ ሲል በዕድሜ ትልቁ ሠራተኛ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹ ከኋላው ቆሙ። ካቦው አንድ በአንድ አያቸውና ዘበኛውን ሊጠራ ሄደ። አባቴ ምሳውን ሊቀበለኝ መጥቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ዞሮ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፍቶ፣ ዘበኛ ቆሞበት ነው የሚሠራው። ሳሉ ጨርሶ ባይለቀውም ከወራት በኋላ ወደ መዘምራኑ ተመለሰ፤ ድምፁ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ግን ከሁሉም መሃል እለየዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ዘምሮ እንደመጣ ያን የፊት ጨርቁን አጥቦ ሲያሰጣ ድንገት ጠየቀኝ።

«ያ ጌም ቤት ያየነው ሰውዬ ግን ፊቱን የሚፈታው መቼ ነው?»

«አይፈታም፣ አባዬ። ጨዋታው ሲሠራ ከነጭምብሉ ነው የተሠራው።»

ጨርቁን ገመዱ ላይ ዘረጋው።

«ምስኪን» አለ፣ ከልቡ።